ሙሽራውና ሦስተኛው ሳፋ

ኅዳር 16፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

አንተ! አዎ አንተ፣ ከልብስ ማጠቢያው መደርደሪያ ላይ አውርደህ ይህን ደብተር የከፈትክ። የአንሶላ ቁጥር መስሎህ ከሆነ መልሰህ ዝጋው። ዓሣ ዓሣ ስትል ያበደችዋን ሙጪትን ለማየት ከሆነ ግን ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብ። ግማሹን አንብበህ ወጥ ቤት ገብተህ እንዳታወራ። ደባርቅ ግማሽ የሰማ ሰው ሞልቶባታል።

ደብተሬ፣ እንቀጥል። የሳፋው ሙቀት 26። ጨው ልክ። ሙሽራው ትናንት ንጹሕ ነበር። ዛሬ ግራ ክንፉ ላይ ነጭ ነገር። አንድ። ሁለት። ጅራቱ ላይ ሦስት። ነጭ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። አረፋ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አረፋ ይለቃል፤ ይሄ አልለቀቀም። ጎኑን መደበቂያ ብዬ በጣልኩለት የቧንቧ ቁራጭ ያካል።

ደግሜ ቆጠርኩ።

ለማያውቅ ልንገር። ሎጃችን ሪሴፕሽን ላይ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ፣ የባሕር ውሃ፣ የባሕር ዓሣ። ባለቤቱ ጋሽ ዘውዱ ተራራ ለማየት የመጣ ፈረንጅ ባሕርም አይቶ ይደነቅ ብሎ አስተከለው። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሬ ነው፣ አንተ ነው።) ውስጡ አራት ናቸው፦ ሁለቱ ብርቱካኖች፣ ሰማያዊው፣ አደይ። አደይ ቢጫ ናት፣ ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁላት። ይህ ዘር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚኖር። ጓደኛዋ አምና ሞተባት። ከዚያ ወዲህ በመስታወቱ ጥግ ጥግ ብቻዋን ትዞራለች፣ የራሷን ጥላ እያየች። ስድስት ወር ለመንኩ። በመጨረሻ አንድ ቢጫ ከጅቡቲ፣ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር አድርጎ፣ በሳጥን ተጭኖ መጣ። ዘበኛው አያ ፈንታ በር ላይ ሳጥኑን ሲያይ እልል አለ፦ «ሙሽራው ገባ!» ወንድ ይሁን ሴት መጽሐፉም አያውቅ። ስሙ ቀረ።

አዲስ ዓሣ በቀጥታ አይቀላቀልም። መጀመሪያ ለብቻው። ማቆያው እዚህ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ቦይለሩ ስለሚያሞቀው። ለዚህ ቀን ነበር የለየሁት። ይኸው ቀኑ መጣ።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

መጽሐፉን አወጣሁ። መስታወቱን የተከለው የአዲስ አበባ ሰውዬ ትቶልኝ የሄደው፣ እንግሊዝኛ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩ። ሽፋኑ በተገነጠለ መዝገበ ቃላት ቃል በቃል ስፈታው ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ማንም አስተማርኳት እንዳይል።

ነገሩ እንደ መዥገር ነው። ከዓሣው ቆዳ ሥር ይገባል፣ ይጠግባል፣ ይወድቃል። ሳፋው ግርጌ ተጣብቆ ይፈለፈላል። ልጆቹ ተነስተው ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ስለዚህ ነጥቡ ከዓሣው ላይ ሲጠፋ ዓሣው ድኖ አይደለም። ጠግቦ ወድቆ ነው። የሚያስፈራው ያ ቀን ነው።

የመዳብ መድኃኒት በጠርሙስ አለ። ብርቱካኖቹ ይችሉት ነበር። ቢጫዎቹ ስስ ናቸው፣ ከበሽታው በፊት መድኃኒቱ ይጨርሳቸዋል። ሌላው የወባ ክኒን ነው። ሳነበው ሳቅሁ። ለቆላ ሰው የሚሰጠው ክኒን! ለማንኛውም ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅሁ። ሻጩ ማን ታመመ አለ። ዓሣ አልኩት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለስንት ሊትር ስንት እንደሚሟሟ አላውቅም፣ ክኒኑ ውስጥ ሌላ ዱቄት አለበት። የማላውቀውን አልጨምርም። ሳልገዛ ወጣሁ።

ሎጁ በር ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አያ ፈንታ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቀኛል።

«ዶክተር፣ ወባ ደባርቅ ገባ አሉ! በዓሣ ተሳፍሮ!»

ዝም በል አልኩት። አይልም። ጾሙ ገብቷል፣ ካልዳነ ለእኛ ስጪን፣ ዓሣ ጾም አያስገድፍም ይላል። ሳልወድ ሳቅሁ።

የቀረው መንገድ ማዛወር ነው። በየሦስት ቀኑ አዲስ ሳፋ፣ አዲስ ውሃ። አራት ጊዜ። መዥገሩ ወድቆ ሳይፈለፈል ዓሣው ቤት ይለውጣል። አሮጌው ሳፋ ታጥቦ ፀሐይ ላይ። ልፋት እንጂ መርዝ የለውም። ለስስ ዓሣ ይሄ ነው።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ማዛወር። በመረብ አልያዝኩትም፣ ቆዳው ይላጣል። በጎድጓዳ ሳህን ቀስ ብዬ ቀዳሁት፣ ውሃውን አንጠፍጥፌ። አሮጌው ውሃ ከዓሣው ጋር መሄድ የለበትም። ጠብታም ቢሆን። ተሳካ። ነጥቦቹ ሃያ ይሆናሉ። መቁጠር አቆምኩ።

እትዬ ዝማም መጡ። ወጥ ቤቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የዛሬ ስምንት ዓመት ትዳሬን ጥዬ አንድ ፌስታል ይዤ ከዳባት ስመጣ ቤታቸው ያስገቡኝ፣ ሎጁ ያስቀጠሩኝ፣ አልጋቸውን ከፍለው ያስተኙኝ። እናቴ ናቸው ብል ውሸት አይሆንም። (ከእንግዲህ እ.ዝ. ብዬ እጽፋለሁ፣ እጄ ደከመ።)

ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ከንፈራቸውን መጠጡ። ታማሚ ለብቻው ይተዋል እንዴ አሉ። በእኛ አገር የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ አይጠፋም፣ ሌሊትም ቢሆን አጠገቡ የሚቀመጥ አለ። ይሄ ምስኪን ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ባዕድ አገር፣ ግድግዳ እያየ። እንደ መዥገር ነው፣ ይጋባል፣ ለሌሎቹ ሲባል ነው አልኳቸው። ገባኝ ገባኝ አሉ። ሲወጡ ግን ለዓሣው «አይዞህ» አሉት።

ኅዳር 21፣ ሰኞ፣ ማታ 12 ሰዓት

የማርያም ማኅበር ነበር። እኔና እ.ዝ. አንድ ማኅበር ነን። መምሬ እንደ ወትሮው ጽዋው ከመነሳቱ በፊት ቆመው ጠየቁ፦ «የተቀያየመ አለ?» ቂም ይዞ ጽዋ አይቀመስም። ሁለት ጎረቤታሞች ተነሱ። የአንዷ ዶሮ የሌላዋን ጎመን ጨርሳ ወር ሙሉ ሰላም አይባባሉም። አንዷ፣ ጎመኔን ቢሆን ምንም አልነበረ፣ እሷ ግን ዶሮዬ አይደለችም ብላ ካደች አለች። ካደች የሚለው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሌላዋ ዶሮዬ ናት አለች፣ በሰው ፊት። በቃ፣ ተሳሳሙ። እኛ ሳቅን።

ጽዋው ለታኅሣሥ እኔ ጋ መጣ። በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነው ቤቴ ሲደገስ። እ.ዝ. ጠላውን እኔ እጠምቅልሻለሁ አሉ። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ። ጻፈው።

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ማዛወር። ሙሽራው ንጹሕ! አንድ ነጥብ የለም። እንደ ቅቤ ያበራል። ልቤ ዘለለ፣ ከዚያ ወዲያው ፈራ። የሚያስፈራው ቀን ይሄ ነው ብዬ ጽፌያለሁ።

ዘውዱ በበሩ ብቅ አለ። አየው። ድኗል፣ ሪሴፕሽን ይግባ፣ እንግዶች ይመጣሉ አለ። ገና ሁለት ጊዜ ይቀረዋል አልኩ። ነጥቡ የታለ አለ። የሌለው ነው የሚያስፈራው አልኩት። አጠገቡ የነበሩትን እ.ዝ. ዞሮ አይቶ፣ ይቺ ሴት በሽታው ካልጠፋ ታማለች፣ ከጠፋም ታማለች ብሎ ወጣ። እ.ዝ. ሳቁ። እኔም።

5 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አየር የሚነፋለት ፓምፕ ቆመ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ለሰውም ለዓሣም። ሳፋውን በጋቢ ጠቅልዬ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈሰስኩ። እየቀዳሁ፣ እያፈሰስኩ። መብራት 9 ሰዓት መጣ። ክንዴ የኔ አይደለም።

ኅዳር 23፣ ረቡዕ

ከዳባት ተደወለ። አጎቴ አረፈ። ቀብር ዛሬ። መቅረት አይቻልም። ሳፋውን ለእ.ዝ. አደራ ሰጠሁ፦ ጠዋት ትንሽ ምግብ፣ ሙቀቱን ማየት፣ ከዚያ በቀር አለመንካት። ሦስተኛው ሳፋ፣ ለሦስተኛው ማዛወር የሚሆነው፣ ታጥቦ ደርቆ ግድግዳው ጋ ቆሟል፣ ዓርብ ራሴ ደርሼ አዛውራለሁ። አደራ አልኩ። አደራሽን በልቼ አላውቅም አሉ። እውነት ነው፣ በልተው አያውቁም።

ኅዳር 25፣ ዓርብ

ከሠልስቱ በቀጥታ። በሚኒባስ ፊት ወንበር። ከነጠላዬ ወደ ማጠቢያ ክፍል ሮጥኩ።

ሳፋው ባዶ። ደረቅ። ውሃውም የለም።

ሞተ ብዬ ጮህኩ። እ.ዝ. ከወጥ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። ፊታቸው እንደ ሠርግ ቤት። ነይ አሉኝ፣ እጄን ይዘው ሪሴፕሽን ወሰዱኝ።

«እይልኝ! እይልኝ ሙሽሮቼን!»

ሁለት ቢጫ። ጎን ለጎን። አደይ ስትዞር ይዞራል። ስትቆም ይቆማል። አንድ ዓመት ጥግ ጥግ ስትል የኖረችው መሃል ወጥታለች።

እንዴት አልኳቸው። ነጥቡ ጠፋ፣ ብቻውን ሲተክዝ አላስችል አለኝ፣ ሐሙስ ጠዋት አንስቼ አስገባሁት አሉ። በምን? በሳፋው። ከነውሃው።

«ከነውሃው?»

«ታዲያ! የለመደውን ውሃ ቢናፍቅስ ብዬ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ውሃው ነው መዥገሩ። የውሃው ግርጌ ነው። ስነግራቸው ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ ጉልበቴን ያዙ። እሳቸው፣ የኔን ጉልበት። ለጋሽ ዘውዱ አትንገሪ፣ ለማንም አትንገሪ፣ በስተርጅና ያባርረኛል። በማርያም ማይልኝ አሉ።

ማልኩ። ለሰው አልናገርም። አንተ ሰው አይደለህም፣ ደብተሬ።

ኅዳር 26፣ ቅዳሜ

ዓሦቹን ሁሉ አውጥቼ በሳፋ ማዛወር አለብኝ። አምስት ዓሣ። ጨው ለአንድ ብቻ ነው ያለኝ። ዘውዱን ጨው ይምጣ፣ ሳፋ ይጨመር፣ መስታወቱ ይዘጋ አልኩት። ለምን አለ። ምን ልበለው? ሙሽራው ሳይድን ገባ ብል፣ ማን አስገባው ይላል። ዝም ብለው ያምጡልኝ አልኩ። ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር የለም አለ። ዓሦቹ ያምራሉ፣ ፈረንጆቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ ምን ሆነሻል አለ።

ምንም አልሆንኩም።

ታኅሣሥ 3፣ ቅዳሜ

አደይ። ግንባሯ ላይ። አንድ።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

ሁሉም። ብርቱካኖቹ በቁም አመድ ለብሰዋል። ሰማያዊው በድንጋዩ ጎኑን ያካል፣ ያካል፣ ይላጣል። ሙሽራው ከላይ ከላይ አየር ይጠጣል። መዳቡን እዚህ ብጨምር ድንጋዩ ይመጥጠዋል፣ የቀረው ቢጫዎቹን ይጨርሳል። ያለኝን ጨው በጥብጬ አደይንና ሙሽራውን በሳፋ አወጣሁ። ዘግይቻለሁ። አውቃለሁ። ግን እጅ አጣጥፎ ማየት አልችልም።

ታኅሣሥ 7፣ ረቡዕ

ሰማያዊው ሞተ። ከምሳ በኋላ አንዱ ብርቱካን።

ታኅሣሥ 8፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ብርቱካን። ሙሽራው 10 ሰዓት ላይ። በጎኑ ተኝቶ አፉ ሲከፈት ሲዘጋ አደይ በላዩ ቆማ ነበር። በአፏ ጎኑን ትነካዋለች። ተነስ የምትለው ይመስላል።

ታኅሣሥ 9፣ ዓርብ

አደይ።

ሌላ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 10፣ ቅዳሜ

እጽፋለሁ። ከአጥሩ ሥር ቀበርኳት፣ አያ ፈንታ ቆፈረልኝ። ቀልድ ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጀመረም። መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ክብደት የላትም። በሬ ሲሞት የአገር ሰው ያጽናናል። ለዓሣ ምን ይባላል? እግዜር ያጽናሽ የሚል የለም።

ነጥቡ እስኪወጣ ለስምንት ቀን ግን አብረው ዞሩ። እ.ዝ. ያዩት ያንን ነው። ክፋት አላዩም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ታኅሣሥ 12፣ ሰኞ

ዘውዱ ሠራተኛውን ሁሉ ምግብ ቤቱ ሰበሰበ። ቆመ። ሙጪት የወባ ክኒን ጨምራ ዓሦቻችንን ፈጀች አለ። ፋርማሲ ስትጠይቅ ከተማው ሰምቷል አለ። መጽሐፍ አነበብኩ እያለች፣ ስምንተኛ ክፍል ሳትጨርስ።

አያ ፈንታ፣ ጠየቀች ተባለ እንጂ ገዛች አልተባለም አለ። አንተ በርህን ጠብቅ ተባለ።

እኔ ዘውዱን አላየሁም። እ.ዝ.ን ነበር የማየው። ከፊት ተቀምጠዋል። የሽርጣቸውን ክር እየመዘዙ ነው። አሁን ይናገራሉ። ክሩን ሲጨርሱ ይናገራሉ። ክሩ አለቀ። ሌላ ክር ጀመሩ።

መልስ የለሽም? ተባልኩ። ምላሴ እሳት ነው ይሉኛል፣ አገር ያውቀዋል። ዛሬ ግን የለም። ምያለሁ። የለኝም አልኩ።

ታኅሣሥ 14፣ ረቡዕ

ወደ አንሶላ ተመለስኩ። መስታወቱን እንዳልነካ። መጽሐፉን ግን አልሰጠሁም።

ዘውዱ ለገና አዲስ ዓሦች አዟል። ስድስት። ሁለቱ ቢጫ። ታኅሣሥ 26 ይገባሉ፣ በቀጥታ እዚያው ውሃ ውስጥ። መዥገሩ ግርጌ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል! መሬት እንኳ ጦም ያድራል። ይህ ውሃ ያለ ዓሣ ሁለት ወር ጦም ማደር አለበት፣ ያኔ መዥገሩ የሚበላው አጥቶ ያልቃል። ሄጄ ነገርኩት። በክኒንሽ የሞቱትን በመዥገር ታሳብቢያለሽ አለኝ። ምክንያቱ ክኒን ነው ብሎ ካመነ ማንን ይሰማል?

ስድስት። ገና ስም የላቸውም።

ታኅሣሥ 17፣ ቅዳሜ

እ.ዝ. በሳህን ሽሮ ይዘው ማጠቢያ ክፍል መጡ። አምስት ቀን አልተነጋገርንም። ሦስተኛው ሳፋ አሁንም ግድግዳው ጋ እንደቆመ ነው። አዩት። ዞር አሉ።

ይንገሩት አልኳቸው። ስለ እኔ አይደለም፣ ለስድስቱ ብለው። ውሃው ነው ይበሉት። ልጄ፣ ከዚህ ወጥ ቤት ብወጣ የት እገባለሁ አሉ። አንቺ ገና ነሽ፣ ጉልበት አለሽ፣ ወሬ ይረሳል። ለእኔ ግን አይረሳም። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። ለዚህ ነው ልቤ የተሰበረ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ምላሴ ያውቃቸው ነበር።

ሲወጡ፣ ጠላው ደርሷል፣ ለማርያም አመጣልሻለሁ አሉ። በር ላይ ቆመው «ብዪ እንጂ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። እንደዚያን ጊዜው። በፌስታሌ እንደመጣሁ ቀን።

ሽሮውን በላሁት። እያለቀስኩ በላሁት። ጨው በዝቶበታል፣ ወይ የኔ እንባ ነው።

ታኅሣሥ 20፣ ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት

ነገ 21 ነው። ቤቴን ጠርጌያለሁ፣ ሣር ነስንሻለሁ። እንስራው ጥጉ ላይ ነው፣ እ.ዝ. የጠመቁት፣ በጀርባቸው ያመጡት። አልመለስኩባቸውም። ጽዋው መደቡ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። አያ ፈንታም እመጣለሁ ብሏል፣ ዘውዱም የማኅበሩ እንግዳ ነው፣ መምሬ ራሳቸው ጠርተውታል።

ሳስብ ዋልኩ። መሐላዬን አልበላም። ያውም በስሟ፣ ያውም በበዓሏ፣ ያውም በቤቴ። ሆኖም ጽዋውን ቂም ይዤ አልቀምስም። ደግሞም ቂሙን ውጬ ዝም ብል፣ ገና ካለፈ በኋላ ስድስቱን ማን ይቀብራቸዋል?

አልናገርም ብዬ ነው የማልኩ። አልጠይቅም ብዬ አልማልኩም።

እንዲህ አደርጋለሁ። መምሬ ተነስተው የተቀያየመ አለ ሲሉ የዶሮዋ ባለቤት አትሆንም የምትነሳው። እኔ ነኝ። አንቱታቸውን አላነሳም። ጉልበታቸውን እስማለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ዘውዱ እየሰማ፣ ማኅበሩ እየሰማ፣ እንዲህ እላለሁ፤ እንዳልደነግጥ እዚህ ልጻፈው፦

እትዬ ዝማም፣ እናቴ፣ እኔ ለቀብር ዳባት ሳለሁ፣ ሐሙስ ዕለት ሙሽራውን ከነውሃው ትልቁ መስታወት ውስጥ ማን ነው ያስገባው? በሰው ፊት ይመልሱልኝ። እስኪመልሱ ይህ ጽዋ ከዚህ ቤት አይነሳም።